ሁለት ዛፍ በተራ ይወጣል

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና እየተፈላ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ካልሆነ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት። ጉዳዩ የጡረታ ነው። "እኔ ገና ወጣት ነኝ" የምትሉም አትለፉት፤ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው።

የምጽፍላችሁ ከናይሮቢ ነው። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ በረዶ ተከምሯል፤ ጎረቤቴ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። እኔ እዚህ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እየዞርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማ ውስጥ ያሉ ስደተኞቻችንን ፎርም እያስሞላሁ ሦስት ወር እቆያለሁ። ሚያዝያ ሳይገባ እመለሳለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው የማደርገው።

ባለፈው ሳምንት አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ዘመዴ ደውሎ፣ "አንተ፣ ለመሆኑ ቤትህ የት ነው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" አለኝ። ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ይህን ተረት ብዙ ሽማግሌዎቻችን ላይ ሲጠቀሙበት ሰምቻለሁ። አገር ቤት ሄደው አራት ወር የሚቆዩትን "ተንከራታች"፣ ልጆቻቸው ከተማ ለከተማ የሚዞሩትን "ቤት የለሽ" እንላቸዋለን።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሁለት ዛፍ ላይ በአንድ ጊዜ አይወጣም። በተራ ግን ይወጣል። ከእኛ ከስደተኞች መካከል ብዙው ሰው በተራ እንዳይወጣ የሚያደርገው ዕድሜው አይደለም፤ ገንዘቡም ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ነው። ወጥቶ የመመለስ መብት የያዘ ሰው በጡረታው ሁለት አገር ይኖራል። ያልያዘ ግን አንዱንም በቅጡ አይኖርም።

ከየት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። ከ2006 እስከ 2024 (በፈረንጅ) የጭነት መኪና ነድቻለሁ። በክረምት ከዴንቨር ወደ ካሊፎርኒያ ስወርድ በአይ 10 አውራ ጎዳና ላይ፣ አሪዞና ውስጥ ካሊፎርኒያ ድንበር ሳይደረስ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በበጋ ብታልፉባት ሰው የለም፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። በጃንዋሪ ግን በረሃው በሙሉ አርቪ ነው፤ ማለትም ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ቤት መኪና። የመጀመሪያ ቀን ሳየው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የስደተኛ ካምፕ መሰለኝ። ካኩማን ያየ ሰው ሜዳ ላይ ተሰልፎ የሰፈረ ሕዝብ ሲያይ ሌላ ነገር አይመጣለትም።

አንድ ጊዜ መኪናዬ ተበላሽቶ ሁለት ቀን እዚያ ቆየሁ። አጠገቤ የሰፈሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ሻይ ጠሩኝ። ከሚኒሶታ ናቸው። በበጋ እዚያ ትንሽ ቤት አላቸው፤ በረዶው ሳይጀምር አርቪያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሲቀልጥ ይመለሳሉ። አሜሪካኖች እንደነሱ ያሉትን ጡረተኞች "የበረዶ ወፎች" ይሏቸዋል። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለመስፈር ያኔ የሚከፈለው 180 ዶላር ነበር። ለሰባት ወር! እኔ በወር ለአንድ ክፍል ከዚያ በላይ እከፍል ነበር። "ሀብታም መሆን አለባችሁ" ስላቸው ሰውየው ሳቁ። ሀብታም ሳይሆኑ፣ ቀን የሚቆጥሩ ሰዎች መሆናቸውን ነገሩኝ። አንድ የማይለወጥ አድራሻ፣ አንድ ቋሚ ሐኪም፣ ሁሉም ወረቀት ያለበት አንድ ፋይል አላቸው። የሚወጡበትንና የሚመለሱበትን ቀን ደግሞ ግድግዳ ላይ ባለ ካላንደር ጽፈዋል።

ሁሉም በፍላጎቱ ነው በመኪና የሚኖረው እያልኩ አይደለም። በ2008ቱ የኢኮኖሚ ውድቀት ቤታቸውን አጥተው፣ በስተርጅና መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየለቀሙ በቫን የሚኖሩ አሜሪካውያን አሉ። "ኖማድላንድ" የተባለው ፊልም ስለ እነሱ ነው፤ በ2021 ኦስካር አግኝቷል። መኪና ውስጥ ማደር አንዱን ዕረፍት ነው፣ ሌላውን መፈናቀል ነው። ልዩነቱ የሚመለሱበት ቤት መኖሩና አለመኖሩ ነው። ይህን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ከወቅት ጋር መንቀሳቀስን ቦረናውም አፋሩም ያውቀዋል። ደገኛውም ቢሆን ደጋ ቤቱ፣ ቆላ እርሻው የነበረ ብዙ ነው። "ከተማ" የምንለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ለብዙ ዘመን ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ እየሰፈሩ ነው የኖሩት። ስለዚህ "የእኛ ባህል አይደለም" የምትሉኝ ተረጋጉ።

ደግሞ የእግዜር ሥራ ተመልከቱ። የአሜሪካ ክረምት የኢትዮጵያ በጋ ነው፤ የኢትዮጵያ ክረምት የአሜሪካ በጋ ነው። ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶ በበረዶ ሲሸፈኑ አዲስ አበባ ፀሐይ ነው፤ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። አዲስ አበባ በሐምሌ ጭቃና ብርድ ሲሆን እዚያ ልጆች በየፓርኩ ይሮጣሉ። ለጉልበት ሕመም፣ ለአስም፣ በረዶ ላይ ወድቆ ዳሌን ለመስበር መድኃኒቱ ካላንደሩ ውስጥ ነበር። የሚኒሶታው ሰውዬ ወደ ፀሐይ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ይነዳሉ፤ እኛ አንድ ቀን እንበርራለን።

እንግዲህ ወደሚያመው ልግባ።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ እንደ ታላቅ እህት ያሳደጉኝ ሴት፣ በ2009 በስደተኝነት እኔ ጋ መጡ። 60 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው ሆቴል ገብተው አልጋ አነጠፉ። አምስት ዓመት ሠሩ። 65 ሲሞላቸው ወገባቸው አልቻለም፤ ኤስኤስአይ የሚባለውን የአረጋውያን ድጎማ ጀመሩ። በ2015 መጨረሻ ወንድማቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። "ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ልሂድ፣ አፈሩን ልይ" አሉኝ። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ብለው ሄደው ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ ደግሞ ታመሙ፣ አራት ወር ቆዩ።

ሲመለሱ ደብዳቤ ጠበቀን። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሶ እንደገና 30 ተከታታይ ቀን እስኪቆይም አይጀምርም። እኛ መሄዳቸውን አላሳወቅንም፤ ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ቀጥሎ ነበር። መልሱ ተባልን። እሱን በየወሩ እየቆራረጥን ስንከፍል ሌላው መጣ። በስደተኝነት የገባ ሰው ዜጋ ካልሆነ ኤስኤስአይ የሚያገኘው እስከ ሰባት ዓመት ብቻ ነው። የአክስቴ ሰባት ዓመት በ2016 ሞላ። ለዜግነት ማመልከት ከቻሉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። "ቋንቋው ይከብደኛል፣ ደግሞም ዜግነቴን ቀይሬ አገሬን አልክድም" ሲሉኝ "እሺ፣ ይቆይ" ያልኳቸው እኔ ነኝ።

እኔ ማለት የሰው ፎርም ስሞላ የምውል ሰው። ለስንቱ "ወረቀትህን አስተካክል" እያልኩ የቤቴን ሰው ሳላይ ቀረሁ። ቢሮውን አልወቅስም፤ ሕጉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በ2018 ሐኪም በሞላላቸው የሕክምና ፎርም ከፈተናው ነፃ ሆነው ዜጋ ሆኑ፤ ድጎማውም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን "እንደገና እንዳይቆረጥብኝ" ብለው ከአውሮራ ንቅንቅ አላሉም። በ2021 አረፉ። ያን አፈር ሁለተኛ አላዩትም። ሁለት ክረምት መሄድ ይችሉ ነበር። ከ30 ቀን በታች እየሆነ፣ በደንብ ታቅዶ፣ ይቻል ነበር። ይህን አላወቅንም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የምክር ብቻ አይደለም። የንስሐ ነገርም አለበት።

አሁን ተራ በተራ እንሂድ። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ አውሮፓና ካናዳ ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ዜግነት። "አገሬን አልክድም" የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ እጃችሁን እየሳምኩ ልናገር። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ እውነት ነው። ግን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጥ መታወቂያ አለ፤ ቢጫ ካርድ የምንለው። መምረጥና መመረጥ አይፈቅድም፤ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖርን ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አሜሪካዊ የሆነው ሽማግሌ በየዓመቱ አገሩ ገብቶ ይወጣል። "አልክድም" ያለው ደግሞ ግሪን ካርዱን ፈርቶ አውሮራ ተቀምጦ ይናፍቃል። የቱ ነው አገሩን የሚያየው?

ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ መኖሪያችሁ አሜሪካ ነው ብላችሁ ነው የያዛችሁት። ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት የዜግነት ቆጠራችሁ ላይ ጥያቄ ያመጣል። ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አሜሪካ ሳላችሁ የመመለሻ ፈቃድ ካልጠየቃችሁ፣ ካርዱን እስከማጣት ያደርሳል። ከስድስት ወር በታች እየሆነ በየዓመቱ ግማሹን ውጭ የሚኖርም "ለመሆኑ የምትኖረው የት ነው?" መባሉ አይቀርም። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባችሁ ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለባችሁ። "ከዚያ መንግሥት ሸሽቼ ነው" ብሎ የገባ ሰው ዜጋ ሳይሆን ወደዚያው አገር ሲመላለስ ፋይሉ እንደገና ሊከፈት ይችላል። ጠበቃ ሳታማክሩ አትሞክሩት።

ፈተናውን አትፍሩ። 65 ዓመት ሞልቶት ግሪን ካርድ ከያዘ 20 ዓመት የሆነው ሰው 20 ጥያቄ ብቻ አጥንቶ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ይፈተናል። 55 ሞልቶት በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረም፣ 50 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረም ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው። የሕመምተኛው ደግሞ እንደ አክስቴ በሐኪም ፎርም ይታያል። በስደተኝነት የገባ ሰው አምስት ዓመቱ የሚቆጠርለት ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑ ሲደርስ አንድ ወር አታሳድሩ።

ሁለተኛ፣ አርባው ነጥብ። ይህ ለወጣቶቹ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት ቢበዛ 4 ይገኛል፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ታክስ የተከፈለበት ሥራ ነው። በ2025 አንዱን ነጥብ ለማግኘት 1,810 ዶላር ገቢ ይበቃ ነበር። ግን ምግብ ቤት ውስጥ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሰው ቤት ውስጥ በጥሬ ገንዘብ እየተከፈላችሁ የሠራችሁት ሃያ ዓመት ቢሆን እንኳ ዜሮ ነው። "ታክስ አመለጥኩ" ያላችሁት እርጅናችሁ ነው ያመለጣችሁ። የታክሲና የኡበር ሾፌሮችም ገቢያችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስታሳውቁ ጡረታችሁን ነው ዝቅ የምታደርጉት።

ይህ ጡረታ ከኤስኤስአይ የሚለየው የሠራችሁበት በመሆኑ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ አዲስ አበባም ናይሮቢም ብትሆኑ በአብዛኛው አይቋረጥም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ከስድስት ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ሊቆምበት ይችላል። ኤስኤስአይ እጅን ይይዛል፤ ጡረታ ይለቃል። አክስቴ የያዛቸው የመጀመሪያው ነው፤ እኔን ናይሮቢ ያመጣኝ ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛ፣ ሕክምና። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። አዲስ አበባ ታማችሁ ከተኛችሁ ከኪስ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ምርመራ፣ የሦስት ወር መድኃኒት፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብና የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። "ግማሽ ዓመት ስለማልኖር ፓርት ቢን ልተወው" የምትሉ ተጠንቀቁ፤ ሌላ ሽፋን ሳይኖራችሁ ዘግይታችሁ ስትመለሱበት በእያንዳንዱ የዘገያችሁበት ዓመት 10 በመቶ ይጨመርባችኋል፤ ያውም እስከ ዕድሜ ልክ። ደግሞ በ2025 የወጣው ሕግ በስደተኝነትና በጥገኝነት ያሉ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከሜዲኬር ውጭ አድርጓቸዋል። አያችሁ፣ ሁሉም መንገድ ወደ ወረቀቱ ይመልሰናል።

አራተኛ፣ ቤት። የስንቱ የዕድሜ ልክ ላብ ያላለቀ ፎቅ ላይ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም። ምክሬ አንድ ነው፦ አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ሳትኖሩበት አትግዙ። የሃያ ዓመት ናፍቆት ቤት አያስመርጥም። ሰፈሩን፣ ውሃውን፣ መብራቱን፣ ሐኪም ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ደረጃውን ጉልበታችሁ መውጣት መቻሉን በአራት ወር ታዩታላችሁ። የተገዛ ቤት እናንተ በሌላችሁበት ስምንት ወር ዘበኛ ይበላል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ዘመድ ይጣላበታል። አገር ቤት ያላችሁ የባንክ ሒሳብ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈም በየዓመቱ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቅጣቱ ከባድ ነው።

አምስተኛ፣ አርቪው። "ለእኛ አይሆንም" ለምትሉ፣ አንድ የጭነት መኪና ጓደኛዬና ባለቤቱ ከሦስት ዓመት በፊት አሮጌ አርቪ ገዙ። ሁለቱም አገር ቤት መግባት የማይችሉ ናቸው። ልጆቻቸው ዳላስ፣ ሎስ አንጀለስና ሲያትል ናቸው። ክረምቱን ዳላስና አሪዞና፣ ፀደዩን ሎስ አንጀለስ፣ በጋውን ሲያትል ያደርጉና ዴንቨር ይመለሳሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስፈቅደው ያቆማሉ፤ እሷ ሽሮዋንና በርበሬዋን ጭናለች። መጀመሪያ ሐሜቱ አያድርስ ነበር። "ሦስት ልጅ አስተምሮ መኪና ውስጥ ያድራል!" ተባለ። እሱ ግን የልጆቹ ሳሎን ሶፋ ላይ ከመተኛት በራሱ አልጋ ተኝቶ ጠዋት የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት ማድረስ ይሻላል ባይ ነው። ምራቱም የተስማማች ይመስለኛል።

እሱ የነገረኝን ልንገራችሁ። ቤታቸውን አልሸጡም፤ ትንሽ ኮንዶ ይዘዋል፤ መንጃ ፈቃድ፣ ፖስታና ሐኪም እዚያ ነው። ትልቁ አርቪ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ብቻ ስለሚሄድ ነዳጁ ከትኬት አይረክስም፤ የሚረክሰው አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ነው። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርክ ካርድ ያገኛል። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ሚስቱ ስኳር አለባት። በመጀመሪያው ዓመት የነበራቸው የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላን በዴንቨር ሐኪሞች የተወሰነ ስለነበር ሲያትል ላይ ተቸገሩ። ተራው ሜዲኬር ግን የትኛውም ስቴት ቢሆን ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ጋ ይሠራል። ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ ልዩነት ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ሁሌ ስለማይቀል ከመጀመሪያው አስቡበት።

አሁን ደግሞ ለዘመድ። ልጆች ሆይ፣ እናቶቻችሁ ነፃ ሞግዚት አይደሉም። "እማዬ ከሄደች ልጆቹን ማን ይይዛል?" ብላችሁ ትኬት የምታዘገዩ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ እኔም አዘግይቻለሁ። ቀኑን አብራችሁ ቁረጡ፤ ስድስት ወር አያት፣ ስድስት ወር መዋያ ብላችሁ በጀት ያዙ። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች፣ የሚመጣው ጡረተኛ ነው፤ ሻንጣው ባንክ አይደለም። በየዓመቱ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ዓመት አታራግፉት።

"አንተ ስለ ሁለት ቤት ታወራለህ፣ እኛ አንድ የለንም" የምትሉኝ ካምፕ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አልረሳኋችሁም። ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እናንተ መካከል ያለ አንድ ሰው ነው። በ1993 ካኩማ ስገባ አንድ ድንኳን ውስጥ የነበርን ጓደኛዬ ዛሬም እዚያው ነው። ከ30 ዓመት በላይ። ሰባ ሊሞላው ነው። ዓይኑ ደክሟል። ናይሮቢ መጥቶ ሐኪም ለማየት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ማክሰኞ ደወልኩለት። "የበረዶ ወፍ ሆኛለሁ" ብዬ ስለ ኳርትዝሳይት ስነግረው ዝም አለና፣ "እኔ በረዶ እንኳ ባይኖርብኝ መሄድ እፈልጋለሁ" አለኝ። ፋይሉ ለአሜሪካ ሲታይ ቆይቶ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ፕሮግራሙ ሲቆም ቆመ።

እኔና እሱ የምንለያየው በጉልበት ወይም በብልሃት አይደለም። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ ጎበዝ ነበር። የእኔ ስም በአንድ ዝርዝር ላይ ወጣ፣ የእሱ አልወጣም። ስለዚህ የስደተኛ መብት ስንል ራሽንና ድንኳን ብቻ አንበል። የኬንያ መንግሥት በ2025 ይፋ ያደረገው የሽሪካ ዕቅድ ካምፖቹን ወደ መደበኛ ከተማ እለውጣለሁ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ከተማ ማለት ወጥተው የሚገቡበት ነው። ያለ ፈቃድ የማይወጡበት ከተማ ስሙ የተቀየረ ካምፕ ነው። በየስብሰባው የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ አንድ የሰባ ዓመት ሰው ዓይኑን ለመታየት ማንን ነው ማስፈቀድ ያለበት?

ወረቀት የያዝን ደግሞ አናባክነው። ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ዛሬ ማታ ለወላጆቻችሁ ደውሉና ግሪን ካርዳቸው ላይ ያለውን ቀን አንብቡላቸው። የሶሻል ሴኩሪቲ ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ስንት ነጥብ እንዳላችሁ እዩ። ትኬት ልትቆርጡላቸው ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቀበሉት ገንዘብ ኤስኤስአይ ይሁን ጡረታ ጠይቁ። ይህን አንድ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በፊት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ሁለተኛ ይሄዱ ነበር።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የከፈልኩበትን ነው የምነግራችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉ፣ የግል ከሆነ ኢንቦክስ ግቡ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ለሚመለከታቸው ሼር አድርጉ፤ በተለይ ፌስቡክ ለማይጠቀሙት እናትና አባት አንብቡላቸው።

ያ ዘመዴም ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ቤቴ የት እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። እስከ መጋቢት መጨረሻ እዚህ ነው። ከሚያዝያ በኋላ እዚያ ና፤ በረዶውም ቀልጦ ይሆናል።